ላይ ላዩ የደረቀ ጀልባ

ባለፈው ክረምት ጣሪያችን አፈሰሰና የልጄ የስፖንጅ ፍራሽ ውሃ ጠጣ። ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ዳርቻ ለሚኖር ሰው ክረምት ከላይም ከታችም ነው፤ ዋልካው ካበጠ በኋላ ቤት ውስጥ የሚደርቅ ነገር የለም። ፍራሹን አጥር ላይ አሰጣነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ መታውና ልጄ በእጇ ዳበስ አድርጋ «እማዬ፣ ደርቋል» አለችኝ። እኔ በጉልበቴ ጫን ስለው ከሆዱ ውሃ ወጣ። ውሃው ምንም አይደለም፤ ሽታው ነው የጎዳኝ። ታፍኖ የከረመ ስፖንጅ ሽታ ካፍንጫዬ ሲገባ አባቴ ፊቴ የቆመ መሰለኝ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ከኒው ሀልፋ ወደ ላይ፣ ግድብ ባቆመው፣ እኛ ባህር በምንለው ውሃ ዳር ነበር። አባቴ ታከለ የመተማ ሰው ነው፤ ሰሊጥ ሊያጭድ መጥቶ በዚያው ቀረ። በኋላ አንድ ያረጀ የሞተር ጀልባ ገዛና ሳሉጎቹን፣ በየዓመቱ ከጎንደር ቆላ ለአጨዳ የሚወርዱትን ሠራተኞች፣ ወደ ማዶው እርሻ ማሻገር ጀመረ። በመከር ሰሞን ባህሩ ዳር በሰው ይሞላል፤ ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ እየተቃለዱና እያንጎራጎሩ ተራ ይጠብቃሉ። እኔ ከትምህርት ቤት በአረብኛ የተማርኩትን እየለፈለፍኩ በመካከላቸው ስሮጥ «ይቺ ደግሞ የማን ሱዳን ናት?» እያሉ ያበሽቁኝ ነበር።

ጀልባው ለእኛ ሥራ የተፈጠረ አልነበረም። የካርቱም ሀብታሞች ዓርብ ዓርብ ሲዝናኑበት የኖረ፣ ሲያረጅ በሎሪ ተጭኖ የመጣ ነጭ ፋይበር ነው። ለስላሳ መቀመጫ ነበረው፤ ለብርጭቆ ማስቀመጫ የተሠሩ ክብ ጉድጓዶችም ነበሩት፤ እኔ የቅልብልብ ጠጠሮቼን እዚያ ነበር የማኖረው። የሸጠለት ሰው ወለሉን በተረከዙ እየመታ «ወላሂ፣ ይህ መርከብ አይሰጥምም! ከወለሉ በታች ስፖንጅ ሞልቶታል፣ ውሃ ቢገባበት እንኳ ይንሳፈፋል» ብሎት ነበር። አባቴ ይህን ቃል እንደ ዳዊት ይደግመው ነበር። ለስላሳውን መቀመጫ ነቅሎ ጥሎ በምትኩ ብዙ ሰው የሚያስቀምጥ አግዳሚ በወለሉ ላይ በረጃጅም ምስማር መታበት። አይሰጥምማ! ምን ያስፈራዋል?

ዓመታት አለፉና ጀልባው ከበደ። ድሮ ጥቂት ሰዎች ወደ ዳር ይጎትቱት የነበረው፣ አሁን ሰፈሩ ሁሉ «በሉ! በሉ!» እያለ የሚታገለው ሆነ። ጎኑ ላይ የተቀባው ቀይ መስመር፣ ማንም ሳይሳፈርበት፣ በስተኋላ ውሃ ውስጥ ገባ። ሞተሩ ሲያጓራ አፍንጫው ብቻ ወደ ሰማይ ይነሣል እንጂ አይሄድም። ደሴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ቀልድ የማያልቅበት ነውና «ጋሼ፣ መርከብህ ወፍራለች፤ ኑሮ ተመችቷታል ወላሂ!» ይል ነበር። እኛም ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ እንዲህ ነው። አባቴ ሞተሩ ደክሟል ብሎ ሁለት መከር ሙሉ ሞተሩን ሲያስፈታና ሲያስገጥም ኖረ።

እናቴ፣ ሙሉ ትባላለች፣ ገዳሪፍ ገበያ ሰሊጥ ስታበጥር ያደገች ናት። ጫፉ የሾለ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት መውጊያ ነበራት። ገዢ ሲመጣ ሽዋሉን፣ ጆንያውን፣ በእሱ ወግታ ከመካከሉ ሰሊጥ ታወጣለች፤ እርጥቡን ከሆድ ደብቆ ላዩን በደረቅ የሚያለብስ ነጋዴ ሞልቷላ። አንድ ቀን ሳሉጎቹ ተሻግረው ሲያልቁ ያንን መውጊያ ይዛ ጀልባው ላይ ወጣች። መጀመሪያ ወለሉን በጡጫዋ ከአፍንጫው ጀምራ ወደ ኋላ መታችው። በፊት በኩል እንደ ባዶ ቅል ይጮሃል፤ ወደ ኋላ ሲደርስ ድፍን አለ። ከዚያ መውጊያውን በስተኋላ በድንጋይ ቀጥቅጣ አስገባችና መዘዘችው። የወጣው ስፖንጅ ቡናማ ሆኗል፤ ጨበጥ ስታደርገው ውሃው እስከ ክርኗ ወረደ።

«ሞተርህ ምን በደለህ?» አለችው። «ሆዱ ነው ውሃ የጠጣ። ያስገቡትም እነዚህ ምስማሮችህ ናቸው።»

አባቴ እጇን ይዞ አሸተተ። ከዚያም ቀዳዳውን በሬንጅ ደፈነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የሰሊጥ አገር ሰዎች ነን፤ የምናውቀውን አደረግን። ሰሊጥ ሲታጨድ ነዶው አፉን ወደ ሰማይ አድርጎ ይቆማል፤ ሂላ ይባላል፤ ፀሐይና ነፋስ እየተመላለሰ ያደርቀዋል። ጀልባውንም ሰፈሩ ተጋግዞ ከግራር ግንድ ጋር አስደግፎ እንደ ሂላ አፍንጫውን ወደ ላይ አቆመው። እኛ ልጆች ጥላው ሥር ቅልብልብ እየተጫወትን፣ ሬንጁን ካነሡለት የኋላ ቀዳዳ ጠብ የሚለውን ውሃ በመዳፋችን እንቀበል ነበር። ያ ሽታ ከእጃችን አይለቅም። አንድ ጠዋት ጠብታው ቆመና እየሮጥኩ ሄጄ ለአባቴ አበሰርኩት። ብድግ አድርጎ አቀፈኝ።

ነዶ ውስጥ ነፋስ ያልፋል። በፋይበር ተከድኖ የታሸገ ስፖንጅ ውስጥ ግን ምን ያልፋል? ይህን ያን ጊዜ ማናችንም አላሰብነውም። የጠረጠረችው እናቴ ብቻ ነበረች።

በዚያው ሰሞን ከማዶ ስልክ መጣ። ማዶ እርሻው ላይ የነበረው ደሴ በወባ ተይዞ እየቃዠ ነው፤ ሳሉጎቹም እህል አልቆባቸዋል። በግድቡ ዞሮ የሚሄደውን መንገድ ዝናብ ጭቃ አድርጎት ሎሪ አያልፍም። አባቴ ቀዳዳውን መልሶ ደፍኖ ጀልባውን ባህር ላይ ሊያወርድ ተነሣ። እናቴ መውጊያዋን ይዛ ተከተለችው።

«አንዴ ልውጋው።»

«ኻላስ፣ ሙሉ! በቃ፣ ቀዳዳ አታብዢበት» አላት ወለሉን እየደበደበ። «ይኸው አጥንት ሆኗል።»

«ላይ ላዩን ነው። ትንሽ ይቆይ» አለች። ድምጿ ግን አልጠነከረም፤ ማዶ የተኛው የእናቷ ልጅ ነው። አባቴም ይህን አውቆ ትከሻዋን ነካ አደረጋትና ሄደ። እኔ ጀልባው ከግራሩ ሲወርድ ጠጠሮቼን ጉድጓዳቸው ውስጥ መልሼ ረስቻቸው ነበርና እየጮህኩ ተከተልኩት፤ ስመለስ እሰጥሻለሁ እያለ ሳቀ።

የሆነውን የነገረን ደሴ ነው። አባቴ ደሴንና ሳሉጎቹን ጭኖ ሲመለስ ከባህሩ መካከል ነፋስ ተነሣ። አንድ ማዕበል በስተኋላ ገባ፤ ጀልባው ከማዕበሉ ሥር ቀና ማለት አቃተው። ኋላው ከነሞተሩ ወረደና አፍንጫው ብቻ እንደ ጉቶ ቆሞ ቀረ። ዋና የሚችል አባቴ ብቻ ነበር። ሳሉጎቹን እየጎተተ አፍንጫው ላይ አስያዛቸው፤ ወባው የሚያንቀጠቅጠውን ደሴን ከሥር ሆኖ በትከሻው ደገፈው። ዓሣ አጥማጆች ሲደርሱ ሳሉጎቹም ደሴም እዚያው እንደተንጠለጠሉ ነበሩ። ደሴ የሚደግፈው ትከሻ መቼ እንደለቀቀው እንኳ አያውቅም።

የሸጠለት ሰው እንዳለው ጀልባው አልሰጠመም። የሰጠመው አባቴ ነው። ሬሳው ሸንበቆው መሐል ተገኘና ከገዳሪፍ የመጡ ቄስ ፈቱት። ከአርባው በኋላ እናቴ ዳር ተጎትቶ ወደተጣለው ጀልባ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። መውጊያዋን አፍንጫው ላይ ቀጥቅጣ አስገብታ መዘዘች። የወጣው ስፖንጅ እንደ ቂጣ ፍርፋሪ ደረቅ፣ ቢጫ ነበር። ሰዎቹን ያተረፋቸው ያ ነው። መዳፏ ላይ አድርጋ አየችውና እፍ አለችው፤ ከዚያም መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያን ያህል ስታለቅስ በቀብሩ ዕለትም አላየኋትም።

ዛሬ ያ የባህሩ ዳርቻ እንደ ድሮው አይሞላም። የጀልባው የድሮ ባለቤቶች አገር ካርቱም በጦርነት ተቃጥላ፣ ሕዝቧ ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ገዳሪፍ ፈለሰ፤ ከእኛ ሰዎችም ብዙዎቹ በመተማ በኩል ተመልሰዋል። ማጭዱን ጠቅልሎ እያንጎራጎረ የሚወርደው ሳሉግ ይናፍቀኛል። የካርቱም ሰዎች ከጎረቤታችን ሰፍረዋል፤ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሲያልፉ ሰላም እንባባላለን። እኛ የትም አልሄድንም። እናቴ ከእኔ ጋር ናት፤ ደሴም ከእኛ ጋር ነው፤ ሸብቷል፤ ቀልዱን እዚያው ባህሩ ላይ ጥሎት ቀርቷል።

ያን ቀን ፍራሹን እኔ ስጫነው እናቴ ከበር ላይ ታየኝ ነበር። በዱላዋ እየተደገፈች መጣችና አንዱን ጫፍ ብድግ አድርጋ መዘነችው።

«ትንሽ ይቆይ» አለች።

ልጄ ልታጉረመርም አፏን ስትከፍት ደሴ በዓይኑ ዝም አሰኛት። ራሱ ተነሥቶ ፍራሹን ገልብጦ አጥሩ ላይ መልሶ ሰቀለው። እናቴ ትንሽ ይቆይ ካለች በዚህ ቤት የሚከራከራት የለም። ያን ሌሊት ሁላችንም ከልጄ ጋር መሬት ላይ ተኛን።