ቡሪ መንገድ ላይ የተዘረጋው ጥምጥም

ሰሞኑን ደሜን ያፈላው የአደም ቴሌቪዥን ነው። ጦርነቱ ከኻርቱም ራቅ ብሎ ወደ ሰፈራችን ወደ ቡሪ ከተመለስን ወዲህ መብራት ብርቅ ሆኖብናል። ስለዚህ የሰፈሩ ወንዶች ከሰዓት በኋላ የምንሰበሰበው ጣሪያው ላይ ሶላር ካለው ከአደም ሱቅ ነው። ረመዳን በመሆኑ ሻይ እንኳ የለም፤ ሁሉም ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ የፀሐይዋን መጥለቅ ይጠብቃል። አደም እግር ኳስ ፍለጋ ጣቢያ ሲቀያይር ድንገት እንቁላል የመሰለች ኳስ ብቅ አለች። "ተው፣ እሱን እንዳትነካው!" አልኩት።

ጨዋታው ገና አልተጀመረም ነበር። ከረባት ያሰሩ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ስለ ራግቢ ዕድገት ይተነትናሉ። አንደኛው፣ ፊቱ በቅባት የሚያበራው፣ "ጨዋታችን የዓለም ሁሉ ሆኗል፤ የነገ ተስፋውም አፍሪካ ነው፤ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው" አለ።

"ውሸታም!" ብዬ ጮህኩ። አደም ደንግጦ ዞረ። "ያ ዩሱፍ፣ ሰውዬው ምን አደረገህ?" አለኝ። ጉልበቱ ደረጃ ሲወጣ የሚንቋቋ፣ ሽበት የወረረው ሰው ቴሌቪዥን ላይ ሲጮህ ማየት ያስቃል። እነሱም ሳቁ።

ልብ በሉልኝ፣ ያናደደኝ የጨዋታው ማደግ አይደለም። ማደጉንማ አውቃለሁ። ከካርታ ላይ በዓይን የማይገኙ ደሴቶች ትልልቆቹን አገሮች ሲያንበረክኩ አይቻለሁ። ኬንያዎች ሰባት ለሰባት በሚጫወቱት በአጭሩ ዓይነት ዓለምን ሲዞሩ፣ ጃፓኖች በፍጥነታቸው ሲያስደንቁ፣ ሴቶች ጭቃ ለጭቃ ሲተናነቁ አይቼ እጄን አጨብጭቤያለሁ። ያናደደኝ "በሩ ክፍት ነው" የሚለው ወሬ ነው። እኛ በሩ ሲዘጋ እዚያው ነበርን፤ ጣታችን በሩ መሐል ነበር።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የጎንደር ሴት ናት፤ አል-ማንሺያ በሚባለው ሰፈር ከሀብታሞች ቤት እየሠራች ነው ያሳደገችኝ። አባቴ የቡሪ ሰው ነበር፤ መልኩን ሳላውቀው ሞተ። እሷ ዮሴፍ ስትለኝ ሰፈሩ ዩሱፍ ይለኛል፤ የትምህርት ቤት ልጆች ደግሞ ሁለቱንም ትተው "ወለድ አል-ሐበሺያ" ይሉኝ ነበር፤ የሐበሻዋ ልጅ ማለታቸው ነው። ስድቡ ቃሉ ውስጥ ሳይሆን አባባሉ ውስጥ ነበር። ስንቱን ቀን ተደባድቤ ሸሚዜ ተቀድዶ እንደገባሁ እናቴ ታውቃለች።

ከዚያ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ለሥራ መጣና፣ ከዓባይ ወዲህ ባለችው ደረቅ ሜዳ ላይ የሰፈር ጎረምሶችን ሰብስቦ ራግቢ አስተማረን። ብዙም ሳይቆይ ኳሶቹን ጥሎልን አገሩ ገባ፤ እኛ ግን አላቆምንም። ከወዳደቀ የውሃ ቧንቧ ቋሚ ሠራን፤ መሥመሩን በአመድ አሰመርን። ሣር የሚባል ነገር ስለሌለ በወደቅን ቁጥር ቆዳችን ተልጦ ይቀራል። የሰፈሩ ሰው "የእብዶች ኳስ" ይለው ነበር። እኔ ግን እዚያ ሜዳ ላይ ነው ሰው የሆንኩት። ወፍራሙ ከፊት ይገፋል፣ ቀጭኑ ከዳር ይሮጣል፣ የሚተርፍ ሰው የለም። የእኔ ሥራ ኳስ ይዞ የሚመጣውን ዝቅ ብሎ ጉልበቱን አቅፎ መጣል ነበር። የጣልኩት ልጅ ተነሥቶ ትከሻዬን መታ ያደርገኛል እንጂ የማን ልጅ እንደሆንኩ አይጠይቀኝም።

የቡድናችን ኃላፊ ኡስታዝ ሃሺም ይባላል። ውጭ አገር የተማረ፣ ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ አል-ማንሺያ የሚኖር ሱዳናዊ ነው። ሜዳውን ያስፈቀደልን እሱ ስለነበር እንደ አባት እናየው ነበር። አንድ ቀን ሰብስቦን፣ ጨዋታውን ከሚያስተዳድሩት ዘንድ አንድ ሰው ከባሕር ማዶ እንደሚመጣ ነገረን። ሰውዬው እምነት ከጣለብን ናይሮቢ በሚደረገው የወጣቶች ውድድር እንገባለን፤ አሠልጣኝና ኳስ ይላክልናል። እምነት ካልጣለብን ግን ሜዳውን የሚፈልገው ብዙ ነው፤ ይወሰዳል። የወራት ልምምዳችን በሙሉ በዚያ ሰው ዓይን ላይ ተንጠለጠለ። እኔ ከኻርቱም ወጥቼ አላውቅም፤ ናይሮቢን በሕልሜ ሳይቀር አያት ጀመር።

ሰውዬው የመጣው በረመዳን ነው። የዚያን ጊዜ ረመዳን የዋለው በብርዱ ወራት ነበር። እናቴ ክረምት ስትል ዝናብና ጭቃ ማለቷ ነው፤ ኻርቱም ግን ብርዱ ደረቅ ነው፤ ከሰሜን አቧራ የቀላቀለ ነፋስ ይመጣና ከንፈር ይሰነጥቃል። እሷም በበኩሏ የነቢያትን ፆም ይዛ ነበር። ቤታችን እንግዲህ ሁለት ፆም የገባበት ቤት ነው። ለሁሉም እንዲሆን ብላ በየቀኑ የምስር ሳምቡሳ ትጠብስና ወደ መንገዱ ማዕድ ትልካለች።

የመንገዱን ማዕድ ለማያውቅ ልንገር። ቡሪ ውስጥ ወንድ ልጅ በረመዳን ቤቱ አይበላም። ሰሌኑ ደጅ ይነጠፋል፣ ከየቤቱ ትሪ ይወጣል፤ ገንፎው፣ ዐሲዳው፣ እንደ ኮረብታ ተቆልሎ መሐሉ ላይ ሙላህ የሚባለው ወጥ ይፈስበታል፤ ከበቀለ ማሽላ የሚዘጋጀው ቀዩ መጠጥ፣ ሑሉ ሙር፣ በጆግ ይደረደራል። ከዚያ ሽማግሌዎቹ መንገዱ መሐል ይገባሉ። ጥምጥማቸውን ፈትተው ጫፍና ጫፉን ይዘው አስፋልቱ ላይ ይዘረጉና የሚመጣውን መኪና ሁሉ ያቆማሉ። አውቶቡስም ይሁን ባለሥልጣን፣ ወርዶ ሳያፈጥር አያልፍም። የእኛን ሰፈር ጥምጥም የሚይዘው ጡረታ የወጣው የባቡር ሠራተኛ ዐም ኢድሪስ ነበር፤ አጎት ኢድሪስ እንደማለት ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ የበዓል ልብስ የገዛልኝ እሱ ነው። መኪና አምልጦት የሄደ ቀን እራቱ አይጣፍጠውም።

እንግዳው ኸዋጃ፣ ፈረንጁ ማለት ነው፣ ካሜራ የያዘ ጓደኛውን አስከትሎ ሜዳ መጣ። ምላሳችን ከላንቃችን እየተጣበቀ ተጫወትንለት። ስንጨርስ ከበን እንድንቆም አደረገና ንግግር አደረገ፤ ኡስታዝ ሃሺም በዐረብኛ ተረጎመው። "ጨዋታችንን ከሌላው የሚለየው ከፊሽካው በኋላ ያለው ነው" አለ። "ሜዳ ላይ አፍንጫህን የሰበረህን ሰው ማዕድህ ላይ ታስቀምጠዋለህ። ባለሜዳው እንግዳውን ሳያበላ አይሸኝም። ይህን የማያውቅ ራግቢን አያውቅም።"

ሳጨበጭብ እጄ እስኪቀላ ነው። በቃ፣ ይህማ የእኛ ነው፣ ስንወለድ ጀምሮ የምናውቀው ነው አልኩ በልቤ።

ከዚያ በኋላ መሄድ ነበረባቸው፤ ፀሐይዋ ግን አዘቅዝቃ ብርሃኑ አማረላቸው። "አንድ ጊዜ ድገሙት" እያሉ እንደገና አጋጩን። ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ደሜን ሲያይ ካሜራው ወደ እኔ ዞረ፤ ኸዋጃውም የዚህን ልጅ ቤት ማየት እፈልጋለሁ አለ። ኡስታዝ ሃሺም ፊቱ ቅጭም አለ፤ እምቢ ማለት ግን አልቻለም። በመኪናቸው ኋላ ወንበር ላይ ከካሜራው ሰው ጎን ተሳፍሬ ወደ ሰፈሬ ሄድን።

የእኛን ሰፈር መታጠፊያ ስናልፍ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ነጩ ጥምጥም አስፋልቱ ላይ ተዘርግቷል። ባንደኛው ጫፍ ዐም ኢድሪስ ከዘራውን እያወዛወዘ፣ በሌላው ጫፍ ጎረምሶች ይዘውታል፤ ሌሎቹ ወደ መኪናዋ ሮጡ። "ኢትፈደሉ! ኑ ቅረቡ! ወላሂ ሳትበሉ አታልፉም!" ይላል ዐም ኢድሪስ ቦኔቱን በመዳፉ እየደበደበ። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ፈገግ አለ፤ እሱም ፆመኛ ነው።

ኸዋጃው ግን ፊቱ አመድ መሰለ። አንድ ነገር ጮኸ፤ የካሜራው ሰው ዕቃውን አቅፎ ጎንበስ አለ። ይህንን አልፈርድበትም። አገሩ ያልሆነ ሰው፣ ከዘራና ጩኸት ሲያይ ቢደነግጥ ምን ይደንቃል?

የምፈርደው ሌላው ላይ ነው። ኡስታዝ ሃሺም በመስኮቱ ሰሌኑን አየ፣ ትሪውን አየ፣ አቧራ የለበሰውን ባዶ እግር አየ። እኔም የእሱን ፊት አየሁ። ፍርሃት አልነበረም፤ እፍረት ነበር። ለሾፌሩ "ሱግ!" አለው። "ንዳ! እንዳትቆም!"

"ያ ኡስታዝ፣ ፉጡር ነው እኮ፤ አብረን እናፍጥር እያሉን ነው" አለ ሾፌሩ።

"ንዳ ነው የምልህ!"

መኪናዋ ተወረወረች። ዐም ኢድሪስ ወደ ጎን ሲዘል በእጁ ተደግፎ ወደቀ፤ ጆጎቹ ተገለበጡ። እናቴ የሳምቡሳውን ሳሕን ይዛ በራችን ላይ ቆማ ነበር። "አቁሙ! ሰፈሬ ነው! እናቴ እዚያ ናት!" እያልኩ ወንበሩን ደበደብኩት። ማንም ጆሮ አልሰጠኝም። ኸዋጃው ስልኩን አውጥቶ ይናገር ጀመር፤ "መንገድ"፣ "ሰዎች"፣ "ዱላ" የሚሉትን ቃላት በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ ለየኋቸው።

ዓባይ ዳር ካለው ሆቴላቸው ደርሰን ስንወርድ፣ የዐም ኢድሪስ ጥምጥም ከመኪናዋ የፊት ብረት ላይ ተጠልፎ መሬት ለመሬት ሲጎተት መምጣቱን አየሁ። ዘይትና አፈር ጠጥቷል። ደሜ ወደ ራሴ ወጣ።

"ይንገሩት እንጂ ኡስታዝ! ሊያበሉት ነው ይበሉት!"

"ዝም በል!" አለኝ ጥርሱን ነክሶ። "ምን ልበለው? አስፋልት ላይ ተቀምጠህ በእጅህ ብላ እያሉህ ነው ልበለው? አሁን አይሆንም፤ በኋላ በዘዴ አስረዳዋለሁ።"

ራሴ ወደ ኸዋጃው ሄድኩ። ያለችኝ እንግሊዝኛ እንደ ጉድ ጠፋችብኝ። እጄን ወደ አፌ እየወሰድኩ "ፉድ! ፉድ!" አልኩት፤ ወደ ቡሪም ጠቆምኩት። ሰውዬው በሐዘኔታ አየኝ። ቦርሳውን ከፈተና ብስኩት አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ራሴንም ዳበስ አደረገኝ። ኡስታዝ ሃሺም ይህንንም ቆሞ አየ፤ ይህንንም ዝም አለ።

ብስኩቱን ቦኔቱ ላይ ትቼው ጥምጥሙን ተሸክሜ በእግሬ ወደ ቡሪ ተመለስኩ። ሰው በልቶ ተነሥቷል። ዐም ኢድሪስ እጁ አብጦ፣ አናቱ ባዶ ሆኖ ሰሌኑ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ይቆጣል ብዬ ነበር። ጥምጥሙን ተቀበለኝና አቧራውን አራገፈ።

"እንግዳው በላ?" አለኝ።

እናቴ ሳምቡሳ አቀረበችልኝ፤ ሳሕኑን ወደ ዐም ኢድሪስ ገፋሁት።

ኡስታዝ ሃሺም "በኋላ" ያለው ጊዜ አልመጣም። ከሳምንታት በኋላ ሰብስቦን፣ ከተማው ለእንግዶች ደኅና አይደለም ተብሎ ቡድናችን ውድቅ መደረጉን ነገረን። ዓይኔን ግን አላየኝም። "ለምን አልነገርከውም?" ብዬ አንተ አልኩት፤ ልጆቹ ደነገጡ። እሱም ጀርባውን ሰጥቶኝ ወጣ። ሜዳው ታጠረ፤ ቧንቧዎቻችን ተነቅለው ተጣሉ፤ በዓመቱ ቪላ በቀለበት። ከዚያ ወዲያ ያንን የእንቁላል ኳስ በእጄ ነክቼ አላውቅም።

እና አሁን ከረባት ያሰረ ሰው የነገው ተስፋ አፍሪካ ነው ይለኛል! ካሜራ በየአገሩ መዞሩን ዕድገት ብሎታል። እኔ የምለው፣ ከፊሽካው በኋላ ያለውን ሳትቀምስ ያደገች ጨዋታ ምኗ ነው ያደገው?

ትንታኔውን ሳልጨርስ ከአደም ሱቅ ተነሣሁ፤ ጊዜው ደርሶ ነበር። ጦርነቱ ካባረረን ወዲህ ሰሌን ስናነጥፍ ይህ የመጀመሪያችን ነው፤ ትሪው አንሷል፣ ግድግዳው ሁሉ በጥይት ተበሳስቷል። ዐም ኢድሪስ የለም። ጥምጥም የምይዘው እኔ ነኝ። ጫፉን ለአደም ሰጥቼ አስፋልቱ መሐል ገባሁ።

አንዲት ነጭ የእርዳታ ድርጅት መኪና መጣች። ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ ቆምኩ፤ የድሮ ልማድ ነው። መኪናዋ ቀስ አለች፣ ቆመች። ከኋላ የተቀመጠች የውጭ አገር ወጣት ሴት ዓይኗ ፈጥጦ ሾፌሩን አንድ ነገር ጠየቀችው። ሾፌሩ ዞር ብሎ መለሰላት። ሳቀች፤ በሩን ከፍታ ወረደችና ጫማዋን አውልቃ ሰሌኑ ጥግ ላይ ተቀመጠች።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ንዴቱ እንደ አዲስ ተነሣብኝ። ሾፌሩን አይቼዋለሁ፤ የፈጀበት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው።