በጋዜጣ የተጠቀለለ ቆሎ

መካኒሳ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስልኬን ስነካካ የሞተ ሰው ፎቶ መጣ። ፊቱን እንኳ አልሸፈኑትም። ወዲያው ከኋላዬ የተቆላ ገብስ ሸተተኝ።

ልጅ ሳለሁ የሰፈራችን ቆሎ ሻጭ እትዬ ዘነቡ አሮጌ ጋዜጣ እየገዙ መጠቅለያ ያደርጉት ነበር። ማንበብ ስለማይችሉ፣ ለመጠቅለያ ከመቅደዳቸው በፊት የወንጀሉን ገጽ እኔ አነብላቸዋለሁ። ልጃቸው ግርማ ሥራ ፍለጋ ብሎ እንደወጣ አልተመለሰም።

«አንቺ ምላሳም፣ ሳትዘዪ አንብቢ!» ይሉኛል። የታረደውን፣ ጉድጓድ የተጣለውን ሁሉ ሰምተው፣ «ተመስገን፣ የእኔ አይደለም» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «እናቱን እግዜር ያጽናት።»

አንድ ቀን ማንነቱ ያልታወቀ ሬሳ ላይ ደረስኩ። ቀይ ሹራብ ለብሷል፤ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። ግርማም ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው፤ የቱ ላይ እንደሆነ ግን ጠፋኝ። መርዶ ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው የሚያረዱት ነገር ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ቆሎ እየቆረጠመች አታነበውም።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«ማስታወቂያ ነው፣ እትዬ።»

ገጹን ተቀብለውኝ ጠቀለሉት፤ ቆሎ ሞልተው ለአንድ መንገደኛ ሸጡት።

አሁን ታክሲ ሰልፉ ላይ፣ ሽታው ወደመጣበት ዞር አልኩ። ዛሬም እሳቸው ናቸው፤ አርጅተዋል፤ ቆሎውም አሁን በፌስታል ሆኗል።

«ስልክሽ ዛሬ ምን ይላል፣ ልጄ?»

«ምንም የለም፣ እትዬ።»

«ተመስገን» ብለው እፍኝ ቆሎ ዘገኑልኝ።

አፌ የማያርፈው እኔ፣ የግርማ ጠባሳ የቱ ቅንድቡ ላይ ነበር ብዬ እስካሁን አልጠየቅኳቸውም።