ሃምሳ ጭላዳ በገደል አፋፍ

ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው። እስር ቤቱ ቢቸና ውስጥ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ነው፤ ከሲሚንቶው ስንጥቅ የጤፍ ፍሬ ወጥቶ አያልቅም ነበር። ከሞጣ የመጣሁበትን አውቶቡስ ኬላው ላይ አስቁመው ሲፈትሹ ቦርሳዬ ውስጥ ያገኙት አንድ ያረጀ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ በመዝገበ ቃላት እታሰራለሁ ብዬ አስቤም አላውቅ።

እኔ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ፈረንጆቹ ከእኛ የወሰዷቸውን ቃላት እያደንኩ በእርሳስ አሰምርባቸው፣ ከሥራቸውም ትርጉሙን እጽፍ ነበር። ጉሬዛ አለ። ጭላዳ ዝንጀሮን ጌላዳ ብለውታል። ንጉሥ፣ ራስ፣ አቡን፣ ሽፍታም አሉ። ተማሪዎቼ "ለካ የእኛም አለበት!" ሲሉ ደስ ይለኛል። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድባ የመጣች የባዮሎጂ መምህርት ባልደረባዬ ደግሞ በአራዊቱ ስም ዳር ያየችውን ትጽፍበት ነበር። "ጭላዳ፦ ገደል አፋፍ፣ ማለዳ፣ ሃምሳ ያህል።" ያየችውን ሳትቆጥር አታልፍም፤ ልማዷ ነው።

መርማሪው ረጋ ያለ ሰው ነበር። ሻይ አዘዘልኝ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

"ሃምሳዎቹ እነማን ናቸው መምህር?"

"ጭላዳዎች ናቸው።"

"ሽፍታስ?"

"እሱ ቃል ነው።"

ገጾቹን እያገላበጠ አየ። "ይህንና ይህን የጻፈው አንድ ሰው አይደለም።"

"ሁለቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

"እንግዲያው ነገ ጠዋት እፊቴ ትጽፈዋለህ። የእጅህ ጽሑፍ ካልሆነ የማን እንደሆነ ትነግረኛለህ።" ስልክ ተደወለለትና ወጣ።

ባልደረባዬ ጡት ያልጣለ ልጅ አላት። ወደ መጋዘኑ መለሱኝ።

ከጎኔ የሚተኙት ብራና የሚገለብጡ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። ለምን እንደታሰሩ ጠይቀናቸው "እኔም እምጠይቀው እሱን ነው" ብለውናል። የደረሰብኝን ነገርኳቸው።

"የዚያን ሰው ፊደል ታስታውሰዋለህ?"

"ሦስት ዓመት አብረን ፈተና አርመናል፣ የኔታ።"

"ሴት ናት?"

ከስንጥቁ የጤፍ ፍሬ መልቀም ጀመርኩ።

"ተወው፤ አልጠየቅሁህም። በል የዚያን ሰው እጅ አስመስለህ ጻፍ።"

ወረቀትም እርሳስም የለንም። ለቀን የሚሰጠን አንዳንድ ኩባያ ውሃ ነው፤ የእኔን ጠጥቼዋለሁ። የኔታ የራሳቸውን ኩባያ በመሃላችን አስቀመጡት። ጣቴን እየነከርኩ ሲሚንቶው ላይ "ጭላዳ" ብዬ ጻፍኩ። የቆርቆሮው ሙቀት "ዳ"ን ሳልጨርስ "ጭ"ን ያደርቀዋል።

"እየሣልህ ነው እኮ" አሉኝ። "ፊደል አይሣልም። እኔ የመምህሬን እጅ ለመያዝ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል፤ አንተ ያለህ ይችው ከሰዓት ናት። የዚችን ሰው 'ላ' እይ፤ እግሩን ሳታሳርፍ ነው እምትነሣ። ችኩል ናት ማለት ነው። አንተም ቸኩል!"

ቸኮልኩ። ደጋግሜ ጻፍኩ፤ ሲደርቅ እንደገና ጻፍኩ። ገደል፣ አፋፍ፣ ማለዳ። አንድ ጊዜ የእሷው ፊደል ቁልጭ ብሎ ከፊቴ ወጣና ደነገጥኩ። የኔታ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ኩባያው ባዶ ነበር።

"የኔታ፣ እርስዎ እኮ አልጠጡም።"

"ጾም ነው በለው" አሉና ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

በማግስቱ መርማሪው ፊት ጻፍኩ። ወረቀቱን ከመጽሐፉ ጎን አስቀምጦ ፊደል በፊደል አመሳከረ።

"ሁለት እጅ አለህ ማለት ነው?"

"ስቸኩል ሌላ ነው።"

አየኝ። ያመነኝ አይመስለኝም፤ ግን ወረቀቱን አጥፎ መጽሐፉ ውስጥ ከተተው። መጽሐፉን መሳቢያው ውስጥ ቆለፈው። ከዚያ ወዲህ መዝገበ ቃላቴን አላየሁትም።

ለየኔታ ልነግራቸው እየተጣደፍኩ ተመለስኩ። ቦታቸው ባዶ ነው። ኩባያቸው ተደፍቷል። "አሁን ስም ጠርተው ወሰዷቸው" አሉኝ የቀሩት እስረኞች። ከተፈታሁ በኋላ ሁለት ጊዜ ቢቸና ሄጄ፣ ያገለግሉበት የነበረውን ደብር ጠይቄያለሁ። አልተመለሱም። የሚያንገበግበኝ ያ ውሃ ነው። ጥማቸውን ይዘው ነው የሄዱት።

አሁን ሞጣ ተመልሼ አስተምራለሁ። የራሴ የእጅ ጽሑፍ ግን በደንብ አልተመለሰልኝም። ባለፈው ሳምንት ሰሌዳው ላይ "ጭላዳ" ብዬ ጽፌ ተማሪዎቹ እንደወጡ፣ ባልደረባዬ ጠመኔ ፍለጋ ገባችና ቆመች። የሆነውን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

"ይሄን እኔ መቼ ነው የጻፍኩት?" አለች።

ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ልታጠፋው ዳስተሩን አነሣች።

"ተይው" አልኳት። "ትንሽ ይቆይ።"