የዳማ አራት እግር

ባለፈው ሳምንት ድንች እየላጥን ሳለ ልጄ ሰላም፣ «እማ፣ እንጅባራ ቅዳሜ ቅዳሜ የኮምፒውተር ሥልጠና ሊጀመር ነው። ካርቱን መሥራት ያስተምራሉ፤ ተመዝግቤያለሁ» አለችኝ። ቢላዋው እጄ ላይ ቀረ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከምንኖርበት ከዳንግላ እንጅባራ ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ መንገዱ ግን አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ደውዬ የት ደረስሽ ማለት አልችልም። «አይሆንም» አልኳት ሳላስበው። አንገቷን ደፍታ መላጧን ቀጠለች። ያ «አይሆንም» ነው ወደ ልጅነቴ የመለሰኝ።

እኔ የተማርኩት እስከ ሰባተኛ ክፍል ነው። ኮምፒውተር ነክቻለሁ ብል የሚያምነኝ የለም። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ለትምህርት ቤታችን ያገለገሉ ኮምፒውተሮች መጡ፤ ጀርባቸው ያበጠ፣ ሲከፈቱ እንደ ወፍጮ ቤት የሚጮኹ። ውስጣቸው ያለው ፕሮግራም ያኔም ቢሆን ያረጀ ነው ይል ነበር መምህራችን። የኮምፒውተሩ ማያ ላይ አንዲት ትንሽ ኤሊ ትቀመጣለች። ሂጂ፣ ታጠፊ ብለን ስንጽፍላት መስመር እየሠራች ትሄዳለች። ኤሊዋን በራሳችን ሥዕል መቀየርም ይቻላል፤ ሥዕሉን እየለዋወጥን ትንሽ ትንሽ ወደፊት ስናስኬደው የሚራመድ ይመስላል። ትዕዛዙ በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ቃላቱን የማውቃቸው በመልካቸው ነበር፤ አንገቱ የረዘመው «ወደፊት»፣ ጭራው ወደ ታች የወረደው «ድገሚ» እያልኩ።

አባቴ ባለጋሪ ነበር፤ ዳማ የሚባል ፈረስ ነበረው። ፈረሱን በአገውኛ፣ እኛን በአማርኛ ይቆጣል። የኮምፒውተሩ ትምህርት ከክፍል በኋላ ስለሆነ ቤት የምደርሰው አመሻሽ ላይ ነው። ያኔ ሴት ልጅ ከመንገድ ተጠለፈች መባል ወሬ ብቻ አልነበረም፤ የጎረቤታችን ልጅ እንዲሁ ወጥታ ነው የቀረችው። አንድ ቀን አባቴ፣ «ዓርብ እኔው መጥቼ አያለሁ። ጨዋታ ከሆነ ከዚያ ወዲያ አትሄጂም» አለኝ።

ምን ባሳየው ደስ ይለዋል ብዬ ሳስብ ዳማ መጣልኝ። ሁለት ሥዕል ሠራሁ፤ በአንዱ የፊት እግሮቹ ተዘርግተው፣ በሌላው የኋላዎቹ።

ዓርብ አባቴ ጋቢው በዝናብ ርሶ፣ የጫማውን ጭቃ ደፉ ላይ ጠርጎ ገባ። ወንበር ቢሰጡት አልተቀመጠም። ትዕዛዙን ጽፌ ቁልፉን ስጫነው ዳማ ከማያው ጥግ ተነስቶ ይዘል ጀመር።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ አንገቱን ሰበር አድርጎ።

«ዳማ ነው፣ አባባ።»

«ጥንቸል ነው እንጂ! ዳማ እንዲህ ቢሄድ ከነጋሪው ገደል ይከተኝ ነበር።»

ክፍሉ ሳቀ። እንባዬ መጣ፤ በቃ አለቀልኝ አልኩ።

አባቴ ግን ጋቢውን አውልቆ ለመምህሩ አስያዘና ሲሚንቶው ላይ በእጁና በጉልበቱ ወረደ። ያ ሰው ፊት ጮክ ብሎ የማይስቅ አባቴ!

«እዪ። መጀመሪያ የኋላ ቀኝ። ከዚያ የፊት ቀኝ። አሁን የኋላ ግራ። ከዚያ የፊት ግራ።» በወንበሮቹ መሃል ሄደ። አንዱ ልጅ ሲያሽካካ ቀና ብሎ፣ «ሳቅ፣ ሳቅ! አንተም በእግርህ እየሄድክ አልተወለድክ» አለው።

መምህሩ፣ «ከኋላው ተቀምጠው የፊት እግሩን እንዴት ያዩታል?» ብሎ ጠየቀው።

«በጥላው ነዋ። ጠዋት ጥላው ከጎናችን ይሄዳል። ሌላ ምን የማየው አለኝ?»

እሱ እጅና ጉልበቱን በየተራ ያነሳል፣ እኔ እሥላለሁ፤ አራት ሥዕል ሆነ። ተጫንኩት። ፈረሱ ተራመደ። አባቴ ጠጋ ብሎ መስታወቱን በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገና በአገውኛ ቀስ ብሎ አንድ ነገር አለው፤ ቁጣ አልነበረም። ሲወጣ ለመምህሩ፣ «እባክዎ ልጄን ቀደም ብለው ይልቀቁልኝ» አለ። ፈቃዱ ይኼው ነበር።

በዓመቱ እናቴ ታማ ተኛች፤ ቤቱ እኔን ፈለገ፣ ትምህርቱም ቀረ። ከዚያ ፕሮግራም ዛሬ አንዲት ትዕዛዝ አላስታውስም። አባቴ ያኔ «አትሄጂም» ሲለኝ የተቆጣ ይመስለኝ ነበር። ፈርቶ እንደነበር የገባኝ እኔ ራሴ ልጄን አይሆንም ስላት ነው።

ይህን የምጽፈው እንጅባራ፣ ከሥልጠናው ክፍል ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ በሰላም አሮጌ ደብተር ላይ ነው። ይሁን ብዬ አብሬያት ስለመጣሁ፣ «እማ፣ ሕፃን አደረግሽኝ እኮ! ሰው ምን ይለኛል?» ብላ ተቆጥታ ገባች። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። በመስኮቱ ጀርባዋ ይታየኛል። ስንመጣ ሚኒባሱ በቆመ ቁጥር ልቤ ሲመታ ነበር፤ ስንመለስም ይመታል። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ግን እስከ ዳንግላ መናኸሪያ ብቻ ልሸኛት አስቤያለሁ። ለእሷ ገና አልነገርኳትም። ለራሴም ቢሆን ደጋግሜ እየነገርኩት ነው።