የሎርና የአንድ ዶላር ቱቦ

በኦሃዮዋ ትንሽ ከተማችን፣ የሎርና ፒከት ሣር ዝሆን ይደብቅ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ፣ "እስከ ዛሬ አሥር ሰዓት ካላጨድሽ እኛው እናጭደዋለን" ብሏታል። እነሱ ካጨዱት ደግሞ ሟች ባሏ የተከላቸው አበቦችም አብረው መሄዳቸው ነው። የማጨጃዋን የደነዘዘ ስለት አውጥታ እንዳትስል ግን ስለቱን የያዘው ብሎን ዝጎ ሙጭጭ ብሏል።

"አዲስ ማጨጃ ግዢ እንጂ!" አላት ጎረቤቷ ቨርል፣ አጥሩን ተደግፎ።

"ዝም በል፣ አንተንም በአዲስ ጎረቤት እንዳልለውጥህ!"

ሰፈሩ ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ ዕቃውን ደጅ አውጥቶ ይሸጣል። ዕለቱ ቅዳሜ ነበርና፣ ከዚያ ገበያ የዥዋዥዌ እግር የነበረ የብረት ቱቦ በአንድ ዶላር ገዛች። ሞተሩ ድንገት እንዳይነሳ ካንዴላውን ነቅላ፣ ስለቱን በጣውላ አግታ፣ እጀታው ረዝሞ ጉልበት እንዲሰጣት ቱቦውን በመፍቻው እጀታ ላይ አጥልቃ ተንጠለጠለችበት። ብሎኑ ካናዳ ድረስ የተሰማ ጩኸት ጮኾ ዞረ!

ስለቱን ስላ ሣሩን ሙልጭ አድርጋ አጨደችው። አሥር ሰዓት ላይ የማዘጋጃ ቤቱን ሰው የተቀበሉት አበቦቹ ብቻ ነበሩ።

"እሜቴ ሎርና፣" አለ ቨርል ከአጥሩ ማዶ፣ "የእኔም ማጨጃ ብሎን አልፈታ ብሏል፤ ቱቦሽን ታውሺኛለሽ?"

"አዲስ ግዛ!"