የአባታችን ምርቃት በሪሲቨር

ትንሿ እህታችን ለሠርጓ የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከቤት ስትወጣ አባታችን እንዲመርቃት። አባታችን ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ታላቅ እህታችን የተዳረችበት ቀን ግን በቪዲዮ ካሴት ተቀርፆ ነበር። ትንሿ ያን ጊዜ እናታችን ጀርባ ላይ ታዝላ ነበርና ምርቃቱን የምታውቀው ከእኔ አፍ ነው። “የገባሽበት ቤት ይድመቅልሽ፤ እጅሽ ለመስጠት አይጠር” ይል ነበር አባታችን። ቢያንስ እኔ የማስታውሰው እንደዚያ ነው፤ ቃሉን ሳልስት ስንት ጊዜ እንደነገርኋት አላውቅም።

ካሴቱን ወደ ፍላሽ አስገለበጥሁ። ድምፁ ግቢው ውስጥ ለተተከለው ድንኳን እንዲዳረስም ከአዳማ ቤቴ ሪሲቨሬንና አዲሱን ማጫወቻ ይዤ ወደ አሰላ፣ እናቴ ቤት ወጣሁ። ሪሲቨር ሲባል በእኛ ሰፈር የሚታወቀው የዲሹ ነው። የእኔው ከማጫወቻው የሚመጣውን ተቀብሎ ድምፁን ለስፒከሮች፣ ምስሉን ለቴሌቪዥኑ የሚያከፋፍል ከባድ ሳጥን ነው። በራሴ ቴሌቪዥን ሞክሬው ያለ እንከን ሠርቶ ነበር፤ ምርቃቱን ግን ከእህቴ ጋር አየዋለሁ ብዬ ምስሉ መምጣቱን ብቻ አይቼ ዘጋሁት። በእናቴ አሮጌ ቴሌቪዥን እንዳልሞክረው ግን ጠዋቱን ሙሉ መብራት አልነበረም።

መብራቱ የመጣው የሙሽራው መኪኖች ከሁሩታ ደርሰው በር ላይ ጥሩምባ ሲነፉ ነው። ሙሽራዋ ቴሌቪዥኑ ፊት ተንበረከከች። እናቴ አጠገቧ ተቀመጠች። ማጫወቻውን አስነሣሁት።

የቴሌቪዥኑ መስኮት ጠቆረ። ድምፅም የለም። ጥግ ላይ አንዲት መስመር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ወጣች፤ ይዘቱ ጥበቃ ስላለበት ሊታይ አይችልም የምትል።

“ምን ሆነ?” አለች እናቴ።

“አላሳይም አለ።”

“ማን? አባትህ?”

“ኧረ እማዬ፣ ዕቃው ነው!”

አልሰማችኝም። ፊቷ አመድ መሰለ። “ሙሽራውን አልወደደውም ማለት ነው። እኔ ልጄን ያለ አባቷ ምርቃት አልሰድም!” አለች። እልል ለማለት የተዘጋጁት ሴቶች አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ከሚዜዎቹ አንዱ በመስኮት አንገቱን አስግጎ፣ “ሙሽራዋን በገመድ አሰራችኋት እንዴ?” ብሎ ቀለደ። የሣቀለት የለም። እህቴ ከተንበረከከችበት ቀና ብላ፣ “ጋሼ፣ እባክህ” ብቻ አለችኝ።

የሚገርመው፣ ማጫወቻው ፊልም እንዳይሰረቅ በሚል በውስጡ የሚያልፈውን ሁሉ ይቆልፋል፤ የገዛ ቤታችንን ሠርግ ከሌላ ሰው ንብረት አይለይም። ሪሲቨሩም ማጫወቻው በገባበት ቀዳዳ በኩል አዲሱን የጥበቃ ዓይነት እንዲከተል ተስተካክሎ ነበር፤ የእናቴ ቴሌቪዥን ደግሞ የሚያውቀው አሮጌውን ብቻ ነው። ይህን አሁን በእርጋታ እጽፈዋለሁ እንጂ ያን ጊዜ በሪሞቱ ምርጫዎቹን ሳገላብጥ ምን እንደማደርግ በቅጡ የማውቅ አይመስለኝም። የጥበቃው ምርጫ ላይ ስደርስ ወደ አሮጌው ዓይነት ለወጥሁት። ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ በራ።

አባታችን ወጣ። ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ታላቅ እህታችን ጉልበቱ ሥር ሆና። እናቴ “እሰይ!” አለች። ትንሿም ግንባሯን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋች። አባታችን አፉን ከፈተ፤ ዘጋው፤ እንደገና ከፈተ። ቃል አልወጣውም። የጋቢውን ጫፍ ወደ ፊቱ አነሣና ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ምርቃቱ አሁን ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ።

ከአባታችን ጎን አንድ ረዥም ሰው ጎንበስ ብሎ እጁን በታላቅ እህታችን ራስ ላይ አኖረ። ከአጥር ማዶ ያሉት ጎረቤታችን፣ ሐጂ ናቸው። “ሆሪ ቡሊ!” ብለው በኦሮምኛ መረቁ፤ ተባዥ፣ በሰላም ኑሪ እንደማለት ነው። ምርቃታቸው ረዥም ነበር፤ ድምፃቸው በስፒከሮቹ ድንኳኑን ሞላው። ከአባታችን የተሰማው “አሜን” ብቻ ነው፤ እሱም በጋቢው ታፍኖ። ከዚያ ፊልሙ ወደ ሆታው ዘለለ።

ወደ ኋላ መልሼ አጫወትሁት። ያው ነው። እኔ ራሴ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ዕድሜዬ በር ተደግፌ ቆሜ ሁሉን አያለሁ።

“እማዬ፣ አንቺ ይህን ታውቂ ነበር?”

“እኔማ አልቅሶ እንደነበር…” አለችና ወደ እኔ ዞረች። “አንተ ደጋግመህ ስታወራው እኮ፣ ኋላ ኋላ ለእኔም የመረቀ ይመስለኝ ጀመር።”

ይህ ከፊልሙም ይልቅ አስደነገጠኝ። ያላየሁትን ማስታወሴ ሳያንስ፣ ያየችውን ሴት ትዝታ በራሴ ተክቼባት ኖሯል።

በዚህ መሐል ሐጂ ከድንኳኑ ተነሥተው በከዘራቸው በሩን አንኳኩተው ገቡ። “የማነው ሌባ የኔን ድምፅ ወስዶ እዚህ የሚያስጮኸው?” አሉ። ቴሌቪዥኑ ላይ ራሳቸውን አዩ፤ ቀጥሎም አባታችንን አዩት። “እሱ እኮ መናገር አቃተው። ‘ምላሴ ታሰረ፣ አንተ መርቅልኝ’ ብሎ እጄን ያዘ፤ መረቅሁ” አሉ።

“ለእኔስ?” አለች ትንሿ፣ ገና እንደተንበረከከች።

“የያኔው ውክልና መች ተነሣ?” አሉና ከዘራውን ለእኔ አቀበሉኝ። እጃቸውን በራሷ ላይ አኑረው በኦሮምኛ ጀመሩ፤ መሐል ላይ ወደ አማርኛ ገቡ፣ ተመልሰው ወጡ። ሁላችንም አሜን አልን። እናቴ ከሁሉ በላይ ጮኻ አሜን አለች፤ ከዚያም እልልታው ፈነዳ።

እህቴ ተነሥታ ስትስመኝ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

“ጋሼ፣ አንተ የነገርከኝ ምርቃት ታዲያ የማን ነበር?”

“አላውቅም” አልኋት። እውነቴን ነው፤ ዛሬም አላውቅም። ተገርማ አየችኝ፤ ሌላ ሳትጠይቀኝ ሚዜዎቹ እጇን ይዘው ወደ መኪናው ወሰዷት።