ቤንዚን የሚሸተው መኪና፦ ከአምቦ እጃጂ

ቅዳሜ ጠዋት ከአምቦ ተነሣሁ። የምሄደው እጃጂ፣ እናቴን ላመጣ ነው። ታላቅ ወንድሜ ገመቹ ካረፈ ወዲህ እሱ በተከራየው ቤት ብቻዬን ነኝ። እሷም እዚያ ብቻዋን ናት። አብረን እንኑር ብዬ ስለምናት እሺ አለች። ግን በእሱ መኪና አልሳፈርም አለች። በአውቶቡስ ደግሞ ጉልበቷ አይችልም።

መኪናው ከፍ ያለ የመስክ መኪና ነው። ውስጡ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። መሪው ፊት ያለው የሞተር ምልክት ቢጫ መብራትም ከበራ ቆይቷል። ሐኪሞቹ ገመቹን የያዘው የጉበት ሕመም ነው ብለው ነበር። እናቴ አልተቀበለችም። «ልጄን የጨረሰው ያ ሽታ ነው» ትላለች። ስለዚህ ሽታውን ሳላስጠፋ እሷ ዘንድ ብደርስ ትርፉ ድካም ነው። ጌዶ ላይ የገመቹ መካኒክ ኦቦ ደጀኔ አሉ። መጀመሪያ እሳቸው ጋ ልቆም አሰብኩ።

ከከተማው መውጫ ማደያ ገባሁ። በእኛ መስመር ቤንዚን ስለሚጠፋ፣ ሲገኝ ታንከሩ አፉ ድረስ ይሞላል። ቧንቧው ጠቅ ብሎ ሲቆም እኛ አናቆምም። መኪናው ይወዛወዛል፣ አረፋው ይወርዳል፣ እንደገና ይጨመራል። ገመቹ አፉ ላይ ቆሞ ያያል፣ እኔ ከኋላ አወዛውዛለሁ። እንዲያ ነበር። ዛሬ ብቻዬን ገፋሁ።

ቀጂው ሳቀብኝ። «ያ አለቃህ ዛሬ የት ቀረ?»

«አርፏል» አልኩት።

ቀና ብሎ አላየኝም። አፉ ድረስ ጨመረልኝ።

ጉደር

ድልድዩን እንዳለፍኩ ሽንኩርት የያዘች ሴትዮ እጇን ዘረጋች። ደስ አለኝ፤ የማዋራው ሰው አገኘሁ ብዬ ቆምኩ። በሩን ከፍታ አንድ እግሯን አስገባችና መልሳ አወጣች።

«ዋይ! መኪና ነው ማደያ?»

ሽንኩርቷን ተሸክማ ሄደች። ከዚያ በኋላ ያለው ዳገት ረጅም ነው። በመስኮት ገብሱንና ባሕር ዛፉን እያየሁ ወጣሁ። አንዳንዴ ወደ ጎን ዞሬ ልናገር እልና እተወዋለሁ።

ጌዶ

ጌዶ ብርድ ነው። ወደ ገበያ የሚነዱ ከብቶች መንገዱን ዘግተው ስለነበር ጋራዡ እስክደርስ ቆየሁ። ኦቦ ደጀኔ እጄን ይዘው ቶሎ አልለቀቁኝም። «አካም ጂርታ? እግዜር ያጽናህ» አሉኝ። ከዚያ ከመሪው በታች ትንሽ የብልሽት ኮድ ማንበቢያ ሰክተው ስልካቸውን አዩ። ፒ0441 የሚል ኮድ ወጣ።

«ይሄ የቤንዚን ትነት መስመር ነው» አሉ። «ከታንከሩ የሚወጣው ትነት ከሰል ባለበት ዕቃ ይጠራቀማል። ሞተሩ ሲሠራ ቫልቭ ይከፈትና ስቦ ያቃጥለዋል። አንዱ ቦታ ተበላሽቷል።»

«ኮዱን አጥፍተው ቢለቁኝስ? እናቴ እየጠበቀችኝ ነው።»

«መብራቱን በስልክ አጠፋልሃለሁ። ሽታውን በስልክ አልችለውም።»

የታንከሩን ክዳን አዩት፤ ጎማው ደህና ነው። ቫልቩን ከሞተሩ ፈተው በአፋቸው ነፉበት። ዝግ መሆን ሲገባው አየር አሳለፈ። መዳፋቸው ላይ ቢያራግፉት ጥቁር ፍርፋሪ ወጣ። ከሰል ነበር። መኪናው ሥር ገብተው የከሰሉን ዕቃ አወጡና ዘንበል ሲያደርጉት ቤንዚን ተንጠባጠበ።

«ትነት ብቻ የሚገባበት ዕቃ ቤንዚን ጠጥቷል። ስትሞሉ ታወዛውዙታላችሁ?»

ዓይኔን ወደ ታንከሩ ክዳን አዞርኩ።

«ታወዛውዛላችሁ! የእኛ አገር ሰው መኪናን እንደ ጤፍ ኬሻ ነው የሚሞላው፣ እየነቀነቀ።»

ሳቅኩ። ከገመቹ ጋር ከምንሠራው ሁሉ የምወደው ያንን ማወዛወዝ ነበር።

ጓሮ ከቆመች፣ ከተገለበጠች ተመሳሳይ መኪና ዕቃውንና ቫልቩን ፈተው ገጠሙልኝ። ከታንከሩም በጄሪካን ቀነሱ። ጢም ካለ የመኪናው ኮምፒውተር የትነቱን መስመር አይፈትሽም አሉ። ኮዱን አጠፉና፣ ለጥቂት ቀናት ነድቼ መብራቱ ካልተመለሰ ድኗል አሉኝ።

እጃጂ

መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቼ ወደ ቆላው ወረድኩ። እናቴ ደጅ ነበረች። ሳትስመኝ የመኪናውን በር ከፈተችና አንገቷን አስገብታ አሸተተች።

«አይሸትም» አለች።

«አሠራሁት፣ እማዬ።»

በሩን እንደያዘች ቆመች። «በአንድ ቀን የሚሠራ ነገር ነው? ታዲያ ያኔ አሠርታችሁት ቢሆን ልጄ ይኖር ነበር?»

እንዲህ ትጠይቀኛለች ብዬ አላሰብኩም።

«ሽታው አይደለም» አልኳት። «እኔም አብሬው ነበርኩ። እሱ የተነፈሰውን ነው የተነፈስኩት።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ዓይኔን አገላብጣ አየች፤ እንደ ገመቹ ዓይን ቢጫ መሆን አለመሆኑን። ከዚያ ለቀቀችኝ።

«እንግዲያው ጉበቱ ነው፣ ኢልማ ኮ» አለች። ልጄ ማለቷ ነው። ጉበት የሚለውን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

መመለስ

እሑድ ከሰዓት ተሳፈረች። እስከ ጌዶ አለቀሰች፤ ከጌዶ በኋላ ተኛች። መብራቱ አልተመለሰም። ነገ ሊመለስ ይችላል፤ አላውቅም።

መኪናው ከተሠራ ትመጣለች ብዬ ነበር የወጣሁት። መሠራቱ ብቻውን ግን፣ ያኔ ቢሠራ ኖሮ ልጄ ይተርፍ ነበር አስብሎ ሊያስቀራት ነበር። ለካ እሷ ሽታውን ስትከስ እኔም ዝም ስል ኖሬያለሁ፤ ሁለታችንም ስለ ገመቹ አንድም ቀን አላወራንም።

አምቦ ደርሰን ቤቱን ከፈትኩላት። የእሱን ክፍል ጠየቀችኝና ገባች። እኔ ዕቃዋን ሳወርድ በግድግዳው በኩል ሳሏን ሰማሁ። ገመቹ ካረፈ ወዲህ ከዚያ ክፍል የሰው ድምፅ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ቆሜ አዳመጥኩ።